ከመጻሕፍቱ ጀርባ ያለው በር

ባሌ መልስ አያጣም። ይህን የምለው ለሙገሳ አይደለም፤ መልስ ከማያጣ ሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የኖረ ያውቀዋል። ጠዋት ጠዋት መድኃኒት ቤት ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ «ጠይቁ፣ ይመለስላችኋል» የሚባለውን የመጽሐፍ ቅዱስ ጥያቄና መልስ ግሩፕ ያስተዳድራል። አሥራ አንድ ሺህ አባላት አሉት። ሁለቱንም ሥራ የሚሠራው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው፤ የሰውየውን ሕመም ግማሽ ድረስ ሰምቶ እጁን ወደ መደርደሪያው ይሰዳል። «ለሐዘን ይህችን ምዕራፍ ጠዋትና ማታ፤ ለቁጣ ይህችኛዋን ከምግብ በፊት» ይላል። ሰዉም አሜን ብሎ ይሄዳል።

የእኔ ድርሻ ጥያቄ መቀበል ነው። የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝና ወረቀት ፈርጅ ፈርጁን ማስያዝ እጄ ለምዶታል። ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል፤ የጠያቂውን ስም እሰርዛለሁ፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ለባሌ አስተላልፋለሁ። ማን እንደጠየቀ እሱ አያውቅም። ይህ የግሩፑ ትልቁ ኩራት ነው። «እኛ ዘንድ ጥያቄ እንጂ ጠያቂ አይታይም» ይላል በየሳምንቱ። ይህ አባባል ምን ያህል እውነት እንደሆነ ግን ለራሱም አልታየውም።

የጥያቄው ዓይነት አይነገርም። የጥፋት ውሃ ሲመጣ ዓሦቹ ምን ሆኑ? አዳም እምብርት ነበረው ወይ? ፀጉር ማቅለም ኃጢአት ነው ወይ፣ ሽበቱ ያለ ጊዜው የመጣ ከሆነስ? ቃየን ሚስቱን ከየት አገኘ የሚለውማ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተጠይቋል፤ ሠርጋቸው ላይ የተገኘሁ እስኪመስለኝ ድረስ። አንድ ጊዜ «በመንግሥተ ሰማያት ድመት አለች ወይ?» የሚል መጣና ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተዋጉበት። አለች ያሉት የለችም ያሉትን መናፍቅ አሏቸው፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ግሩፑን ጥሎ ወጣ። የጠየቀችው ድመቷ የሞተችባት አንዲት ሴትዮ ነበረች። በዘጠኙ ቀን ውስጥ አይዞሽ ያላት አልነበረም።

ባሌን የሚያግዘው አንድ የሒሳብ መምህር አለ። በሥራ ዘመኑ ለተማሪ ግማሽ ነጥብ ጨምሮ የማያውቅ፣ ደንብ ሲጣስ ጥርሱን የሚያመው ሰው ነው። የግሩፑን ዘጠኝ ደንቦች ያረቀቁት እሱና ባሌ ናቸው። ደንብ አንድ፣ ጥቅስ የሌለው መልስ መልስ አይደለም ይላል። ደንብ ዘጠኝ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ራሱ የሰጠውን መልስ ሳይፈጽም የተገኘ መላሽ፣ እስኪፈጽም ድረስ ሌላ ጥያቄ አይመልስም። ይህችኛዋን ያወጧት ስለ ትዕግሥት ያስተማረ አንድ መላሽ በዚያው ቀን አባል በመሳደቡ ነው። ባሌ እጅግ ወዷት ከግሩፑ አናት ላይ ሰቀላት። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት ለሴት ብቻ የተተረተ መስሎት ይሆናል።

አሁን ስለ በሩ ልንገራችሁ። የምንኖርበት ቤት የባሌ አባት ቤት ነው። ሲሞቱ ለሁለት ተከፈለ፤ በዚህ በኩል እኛ፣ በዚያ በኩል ታላቅ ወንድሙ፣ ማለትም ዋርሳዬ። መካከል ላይ አንድ በር ነበረች። አማቴ አዳራቸው እዚያ፣ ውሏቸው እዚህ ሆኖ በዚያች በር ሲመላለሱ ይውሉ ነበር። ዋርሳዬ ብረት ሠራተኛ ነው፤ የግቢ በርና የመስኮት ፍርግርግ ይሠራል። ሲናገር ጥቂት ነው፤ ግራይንደሩ፣ ያ ብረት መቁረጫው፣ የእሱን ድርሻ ይናገርለታል።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባሌ በቀጥታ ስርጭት ያስተምራል። ርዕሱ አንደበትን ስለ መግታት ነበር። ልክ መሃሉ ላይ ግራይንደሩ ጮኸ። ባሌ ፊቱ ተለዋወጠ። «ወገኖቼ ይቅርታ፤ ክፉ ጎረቤት አለብን፣ ጸልዩለት» አለ። አንዱ አባል ከሥር «ዘመድ ነው እንዴ?» ብሎ ጻፈ። «የለም፣ የለም፣ ጎረቤት ነው» አለ ባሌ፤ ወደ አንደበት መግታቱም ተመለሰ።

ከግድግዳው ማዶ ምን እንደነበረ ዋርሳዬ የነገረኝ ከዓመት በኋላ መንገድ ላይ አግኝቼው ነው። አራት ሠራተኞቹን ሰብስቦ፣ ስልኩን የቀለም ቆርቆሮ ላይ አስደግፎ «ይሄ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ስሙት» ብሏቸው ነበር። አምስተኛው ሠራተኛ ሳያውቅ ከውጭ ገብቶ ማሽኑን አስነሳ። ከዚያ «ጎረቤት ነው» የሚለው ቃል ከስልኩ ወጣ። ሠራተኞቹ መሬት መሬት አዩ። ዋርሳዬ ስልኩን ዘጋ፤ በዚያች በር ዳግመኛ አልመጣም።

ይህን ለባሌ ስነግረው ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ግራይንደሩን ታዲያ ማን አስነሣው?» እሱ ይቅርታ እስኪጠየቅ እየጠበቀ ነበር። ሲጠብቅ ሲጠብቅ በሩን በአራት ረጃጅም ምስማር መታው፤ ድምፅ እንዳይገባ ብሎ። ፊት ለፊቱ የመጻሕፍት መደርደሪያ አቆመበት። አባላቱ በየሳምንቱ «መምህር፣ ከጀርባዎ ያሉት መጻሕፍት እንዴት ያምራሉ!» የሚሉት ያንን ነው። ግማሾቹ ከነፕላስቲካቸው ናቸው።

ከዚያን ቀን ወዲህ በቅዳሜ ከሰዓት ግራይንደር ጮኾ አያውቅም። ባሌ ይህንን ምስክርነት አድርጎ ሰጥቷል፤ «ጸሎታችሁ ክፉውን ጎረቤት ዝም አሰኝቶታል» ብሎ። ስምንት መቶ ሰው እልል አለ። አባላቱ መሃል «ጎረቤቱ» በሚል ስም የገባ አንድ ሰው አለ። አንድም ጥያቄ ጠይቆ፣ አንድም ቅዳሜ ቀርቶ አያውቅም። የማን ስልክ ቁጥር እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ባሌ አያውቅም፤ አልጠየቀኝም።

በሩ ሲዘጋ የተጎዱት አማቴ ናቸው። በመንገዱ ዞረው፣ በአንዱ ግቢ ወጥተው በሌላው መግባት ሆነ ኑሯቸው። አርባ አንድ እርምጃ ነው ይላሉ። የሚቆጥሩት ስለማያዩ ነው፤ አንደኛው ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሁለተኛው ሞራ ለብሷል። ግድግዳውን በእጃቸው እየዳሰሱ ነው የሚሄዱት። ሐኪሙ «በዚህ ወር ካልተሠራ ይሄኛውም ይሄዳል» ብሎ ለሐሙስ ቀጠረ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ማጎንበስ የለም፣ ዕቃ ማንሳት የለም፣ በየአራት ሰዓቱ ጠብታ የሚያደርግላቸው ሰው ያስፈልጋል። ባሌ እኛ ጋ ትሁን አለ። ዋርሳዬ እኔ ጋ ትሁን ብሎ ላከ።

አማቴ «የእኔ ቤት መሃሉ ላይ በር ያለው አንድ ቤት ነው» አሉ። «በሩ ሲከፈት እታከማለሁ። ካልተከፈተ ለማን ብዬ አያለሁ?»

ባሌ «ይህ ግትርነት ነው» አለ። ስልኩን አንሥቶ ለግሩፑ የጸሎት ርዕስ አወጣ፤ «ስለ እናቴ የደነደነ ልብ ጸልዩልኝ» ብሎ። ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ሰው አሜን አለ። ያን ጊዜ ስልኩን ከእጁ ነጥቄ መስኮት ላይ ልወረውረው ትንሽ ቀርቶኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሐሙስ አምስት ቀን ቀርቶታል።

በዚያው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባሌ መድኃኒት ቤት ሳለ አማቴ አርባ አንዷን ቆጥረው መጡ። ወንበር ዳስሰው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ጥያቄ የምትቀበይው አንቺ ነሽ አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው ጻፊልኝ።»

ጻፍኩ። እሳቸው እያሉኝ እኔ እየጻፍኩ፣ ከራሴ አራት ነጥብ ብቻ ነው የጨመርኩት። «ሁለት ልጆች ያሏት እናት አለች። ታናሹ በብዙ ሕዝብ ፊት ስለ ታላቁ ተጠየቀና ዘመዴ አይደለም አለ። ታላቁ ሰማ። ከዚያ ወዲህ አይነጋገሩም። ማን ወደ ማን ይሂድ? እናትየዋ አርጅታለች፣ ትቸኩላለች።» እንደ ደንቡ ስማቸውን ሰርዤ ቁጥር ሰጠሁት፤ ሁለት ሺህ አርባ አንድ። ከዕለቱ ጥያቄዎች አናት ላይ አስቀመጥኩት። ማስቀመጫ ቦታ መምረጥ በደንቡ አልተከለከለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ባሌ ሸሚዙን ቀይሮ መደርደሪያውን ከኋላው አድርጎ ተቀመጠ፤ መብራቱ በራ፣ ስልኩ ማቆሚያው ላይ ቆመ። የሒሳብ መምህሩም ከቤቱ ሆኖ በድምፅ ገባ። አማቴ ከስልኩ ጀርባ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከሦስት ሺህ በላይ ሰው እያየ ነበር። ባሌ ጥያቄውን ጮክ ብሎ አነበበ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ይነቃል ብዬ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እውነት ነው!

«ይሄ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ ጥያቄውን ጨርሶ። «ወገኖቼ፣ ጴጥሮስ እንኳ ሲክድ በጨለማ፣ በባዕድ ግቢ፣ መሣሪያ በታጠቁ ሰዎች መሃል ቆሞ ነው። ፈርቶ ነው። ይሄኛውስ ምን አስፈራው? ማን ጎራዴ መዘዘበት? ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀምጦ!» እያለ ወንበሩ ላይ ተደላደለ። «ጴጥሮስ ደግሞ ወጥቶ አለቀሰ። ይሄኛው ግን፣ እመኑኝ፣ በዚያን ቀን ራቱን በልቶ ተኝቷል።»

እውነቱን ነው፤ በልቶ ተኝቷል። ሁለት ጊዜ ነው የጨመርኩለት።

አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ተናገረ። እንደዚያ ቀን አምሮበት አያውቅም። የልብ ምልክቶች እየተንሳፈፉ ስክሪኑን ሞሉት፤ አንዷ «እንባዬን መግታት አቃተኝ» ብላ ጻፈች። በመጨረሻ የሒሳብ መምህሩ እንደ ልማዱ በነጥብ አጠቃለለው፦ አንደኛ፣ ካጁ ራሱ ይሂድ እንጂ ሰው አይላክ። ሁለተኛ፣ በካደበት ሕዝብ ፊት ይመን። ሦስተኛ፣ «ግን እሱም እኮ» የሚል ቃል አይጨምር። አራተኛ፣ ዛሬ።

«ዛሬ!» አለ ባሌ ጠረጴዛውን መትቶ። «ነገ የሚባል ቀን ለማንም አልተሰጠም።»

«መልሱ ጥሩ ነው» አሉ አማቴ።

ባሌ ወደ ስልኩ ፈገግ እንዳለ በሹክሹክታ «እማዬ፣ ስርጭት ላይ ነን፤ ድምፅሽ ይገባል» አለ።

«ይግባ እንጂ። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። በል ተነሣ።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቱ ላይ ባለቤት አጥቶ ቆየ። ከዚያ ጆሮው ከጫፉ ጀምሮ ቀላ። እኔን አየኝ።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ስም ሰርዢ ያልከኝ አንተ ነህ» አልኩት።

ወደ ስልኩ ዞረና ጉሮሮውን ጠረገ። «ወገኖቼ፣ መቼም ማንኛውም ጥያቄ በዐውዱ ነው የሚታየው። ልዩ ሁኔታዎች አሉ። ለምሳሌ ወንድም የተባለው ሰው በትምህርት ሰዓት ግራይንደር...»

«መምህር፣ ይቅርታ» አለ የሒሳብ መምህሩ። ምን እየሆነ እንደሆነ ገና እየገባው ነበር፤ ደንቡ ግን ቀድሞ ገብቶታል። «ይህ ሦስተኛውን ነጥብ ይጥሳል። ደንብ ዘጠኝም አለ።»

እኔ በራሴ ስልክ ግሩፑን እያየሁ ነበር። «ጎረቤቱ እየጻፈ ነው» የሚል መጣ፤ ጠፋ። ደግሞ መጣ፤ ደግሞ ጠፋ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ያቺን ቃል ለመመለስ ምን እንደሚጻፍ እሱም አላወቀም።

አማቴ ተነሥተው የባሌን ትከሻ ፈልገው ያዙ። «በሩ ከተከፈተ ሐሙስ ዓይኔን ይነኩታል። ሊሳካም ላይሳካም ይችላል። ካልተሳካ፣ ከአንዱ ልጄ ወደ ሌላው የምሄድበትን መንገድ እጄ አሁኑኑ ይወቀው። እኔ የምፈልገው ይሄንኑ ነው። ጥቅሱን አንተ ፈልግለት።»

ባሌ ዝም አለ። አሥራ ሁለት ዓመት በትዳር ስንኖር ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፤ አሳዘነኝም፣ ደስም አለኝ። ከዚያ ተነሥቶ መጻሕፍቱን ማውረድ ጀመረ። ከነፕላስቲካቸው ያሉት በሦስት ሺህ ሰው ፊት አንድ በአንድ ወረዱ። መደርደሪያውን እሱ ከወዲያ እኔ ከወዲህ ገፋነው። በሩ ብቅ አለች፤ አራቱ ምስማሮች ዝገዋል።

በጣቱ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ከማዶ የዋርሳዬ ድምፅ። ሩቅ አልነበረም፤ በሩን የተደገፈ ያህል ቅርብ ነበር።

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ማን?»

ባሌ ግንባሩን በሩ ላይ አሳረፈ። «ወንድምህ። ወንድም ጋሼ፣ በሰው ፊት ጎረቤት ነው ያልኩህ... ወንድምህ ነኝ። ዋሽቻለሁ።»

አማቴ እጄን ጨብጠው ይዘዋል፤ አጥንቴን አመመኝ።

«እኔ ደግሞ ጎረቤት መስሎኝ ነበር» አለ ዋርሳዬ በመጨረሻ። ድምፁ ልክ አልነበረም። «ምስማሩ በአንተ በኩል ነው። ጉጠት አለህ?»

«የለኝም።»

«መቼም በእንክብል አትነቅለውም። ቆይ፣ እኔ ልምጣ።»

«አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምመጣው!» ብሎ ባሌ በካልሲው ወደ ውጭ ሮጠ፤ አንደኛው ነጥብ ነው። ስልኩን ማንም አልዘጋውም። ሦስት ሺህ ሰው አንዲት በምስማር የተመታች በርና ባዶ ወንበር አፍጥጦ እያየ ቀረ። ከማዶ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ አይለይም፤ አንዱ ያለቅሳል፣ የትኛው እንደሆነ ግን እናታቸው እንኳ አልለዩትም። በዚህ መሃል አንድ አባል «ቃየን ሚስቱን ከየት አገኘ?» ብሎ ጻፈ። ሠላሳ ዘጠኝ።

ሁለቱ አብረው ተመለሱ። ዋርሳዬ ጉጠት ብቻ አልያዘም፤ ምስማሩ ዝጎ ከሆነ ብሎ ግራይንደሩንም ተሸክሞ ነበር። ዝጓል። መሰኪያ ሲጠፋ ባሌ የስቱዲዮውን መብራት ራሱ ነቅሎ ማሽኑን ሰካለት። ዋርሳዬ ስልኩን አየት አድርጎ «ይጮኻል እኮ» አለ።

«ይጩህ» አለ ባሌ።

ጮኸ። ፍንጣሪው በፕላስቲክ በተጠቀለሉት መጻሕፍት ላይ እየዘነበ አራቱ የምስማር ራሶች ተቆረጡ። አንድም አባል ድምፁ ረበሸን አላለም። በሩ ሲጎተት ማዶው ታየ፤ እዚያው በሩ ሥር፣ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ አንድ የብረት ወንበር ነበር። የመቀመጫው ቀለም በሦስት ዓመት ቅዳሜ ተልጧል። ባሌ ያንን ወንበር አይቶ ቁጭ አለ፤ መሬት ላይ። አማቴ ግን እጃቸውን ዘርግተው መቃኑን ነኩ፣ ተሻገሩ፣ ተመለሱ፣ እንደገና ተሻገሩ።

«ሰባት እርምጃ» አሉ።

ሐሙስ ሁለቱ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ ይዘዋቸው ሄዱ። ሐኪሙ ጥሩ ሆኗል ብሏል፤ ማየታቸው ግን በቀናት ውስጥ ይለያል። የዚያኑ ዕለት ማታ ሁለት ሺህ አምሳ ሦስተኛው ጥያቄ መጣ። «ጎረቤቱ» ከሚባለው ቁጥር ነው የመጣው፤ ስሙን ግን «ወንድም ጋሼ» ብሎ ቀይሮታል። ጥያቄው «ጠብታው በየአራት ሰዓቱ ነው ተብሏል፤ የንጋቱን ማን ያደርጋል?» ይላል። በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ስም ሳልሰርዝ አስተላለፍኩ።

ባሌ አንድ ቃል መለሰ። «እኔ።»

በማግስቱ ጠዋት የሒሳብ መምህሩ ጻፈልኝ፤ መልሱ ጥቅስ ስለሌለው በደንብ አንድ መሠረት ይሰረዝ ወይስ ጥቅስ ይጨመርበት ይላል። ባሌን ልጠይቀው ወደ ክፍሉ ገባሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፤ አሥራ አንድ ሰው መልስ ይጠብቃል። እሱ አልነበረም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከማዶ «ቀና በይ፣ እማዬ» ሲል ሰማሁት።